በጓሮ በሶብላ መዓዛማ ዘይት ማውጣት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ፤ ከቤቴ ጀርባ ባለው ወደ 300 ካሬ ሜትር መሬት ላይም የራሴን በሶብላ አለማለሁ። ሰሞኑን አንድ ነጋዴ 20 ሊትር የሚይዝ የዘይት ማውጫ ዕቃ ይዞ መጣና ‹ፈረንጆች የባዚል ዘይት የሚሉት ይኸው የእርስዎ በሶብላ ነው፤ አንዷ ትንሽ ጠርሙስ ውጭ አገር በዶላር ትሸጣለች› አለኝ። እውነት ነው? ከእኔ ጓሮስ ምን ያህል ዘይት ይወጣል? ባይሸጥ እንኳ ሽሮው ላይ ጠብ ባደርገው ወይም ለልጆቼ ጉንፋን ብሰጠው ምን አለበት? ደግሞ አበባ ሲያወጣ ልቁረጠው ወይስ ልተወው?»

መልስ፦ ዕቃውን አይግዙ። ይህን የምልዎት ሰው ወደ ሙያዬ እንዳይገባ ፈልጌ አይደለም፤ ከመዓዛማ ተክሎች ዘይት በማውጣት የምተዳደር ኬሚስት ስለሆንኩ ሥራው ሲስፋፋ የምጠቀም ነኝ። ነጋዴው የነገረዎት ነገር በሙሉ ሐሰት ነው ማለትም አልችልም። ችግሩ የነገረዎት ስለ ጠርሙሱ ብቻ መሆኑ ነው። ከጠርሙሱ በስተጀርባ ስላለው የቅጠል ክምር፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ከሰሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገዢው «ይህ የትኛው የባዚል ዘይት ነው?» ብሎ ስለሚጠይቀው ጥያቄ ምንም አላነሳም።

ከተክሉ ልጀምር። አዎ፣ በሶብላ ባዚል ነው። ስዊድናዊው የተክል ሊቅ ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ኦሲመም ባሲሊከም ብሎ ስም ያወጣለት ተክል የእኛን በሶብላም፣ ጣሊያኖች ከቲማቲም ጋር የሚበሉትን ሰፊ ቅጠልም በአንድ ስም ያጠቃልላል። ቤተሰቡ የናና ነው፤ ግንዱን በጣትዎ ቢያሹት አራት ማዕዘን መሆኑ ይታወቅዎታል። ጦስኝና የሥጋ ሜጥሮ ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ዳማከሴ ደግሞ ከዚህም ይቀርባል፤ የበሶብላ የቅርብ ዘመድ፣ የአንድ ወገን ሌላ ዝርያ ነው። (ቅቤ ስናነጥር ከበሶብላ የማንለያት ኮሰረት ግን የሌላ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ድስት ውስጥ ተገናኙ እንጂ ዝምድና የላቸውም።)

እንግዲህ ስማቸው አንድ ሆኖ ዘይታቸው ግን አንድ አይደለም። የነጋዴው ወሬ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የባዚል ዘይት የበርካታ ውሁዶች፣ ማለትም የተለያዩ ኬሚካሎች፣ ድብልቅ ሲሆን፣ ከተክል ተክል የሚበዛው ውሁድ ይለያያል። ግብፅ የሚመረተው በአብዛኛው ሊናሉል የሚባለው ውሁድ የሚበዛበት ነው። ከሕንድ፣ ከቬትናምና ከኮሞሮስ ደሴቶች የሚመጣው ደግሞ ሜቲል ቻቪኮል የሚያይልበት ነው፤ ኤስትራጎል የሚባለውም ይኸው ራሱ ነው። ዩጂኖል የሚበዛበት አለ፤ ሜቲል ሲናሜት የሚበዛበት አለ፤ ካምፎር ካምፎር የሚልም አለ። ሕንዶች ቱልሲ የሚሉት ደግሞ ጭራሹን ሌላ ዝርያ ሆኖ ሳለ በየሱቁ ጠርሙስ ላይ ከባዚል ጋር ተደባልቆ ይጻፋል። ለነዚህ ዘይቶች ገዢውም፣ አገልግሎታቸውም፣ ዋጋቸውም የተለያየ ነው። ለሜቲል ቻቪኮሉ ዓይነት አይኤስኦ 11043 የሚባል ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለው፤ የሽቶ ኩባንያ «ባዚል» ብሎ ሲያዝዝ ከደረጃው ጋር ሊያመሳክረው ነው እንጂ አሽትቶ ሊወድደው አይደለም።

ላቦራቶሪ ሳይሄዱ ጥቂት ፍንጭ ማግኘት ይችላሉ፤ ወጥ ቤትዎ ውስጥ ያሉት ቅመሞች ይበቁዎታል። ሊናሉል የድምብላል ፍሬ ዋና ሽታ ነው። ሜቲል ቻቪኮል እንስላልን ያስታውሳል። ዩጂኖል የቅርንፉድ ሽታ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጓሮዎ ገብተው ከአሥር ያህል ተክሎች አንዳንድ ቅጠል ቆርጠው፣ እያንዳንዱን ለየብቻ አሽተው፣ በመካከሉ እጅዎን እየታጠቡ ያሽትቱ። በርበሬና ቅመም ውስጥ የኖረ አፍንጫ ስለሆነ ከእኔ የተሻለ ሊሆን ይችላል። እንደምጠብቀው ከሆነ አንዱ ወደ ቅርንፉድ፣ ሌላው ወደ እንስላል፣ ሦስተኛው ወደ ድምብላል ሲያደላ ያገኙታል። ለምን ቢሉ የበሶብላ አበባ ንቦች የሚወዱት ነው፤ ንቧ ከጎረቤት ጓሮ ያመጣችውን ዱቄት በእርስዎ አበባ ላይ ታራግፋለች። ዘሩን ከገበያ ገዝተው ወይም ከዓመት ዓመት ከራስዎ አስቀርተው ከሆነ፣ ጓሮዎ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ተክል ሳይሆን ድብልቅልቅ ያለ የቤተ ዘመድ ጉባኤ ነው። ለሽሮ ይህ ምንም ችግር የለውም፤ እንዲያውም ጣዕሙ የበለጸገ ይሆናል። ለዘይት ገዢ ግን ችግር ነው። እሱ የሚፈልገው የሐምሌው ዘይት ከጥቅምቱ ጋር አንድ እንዲሆን ነው፤ ይህንንም የሚያረጋግጠው በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም እያንዳንዱን ውሁድ ነጥሎ መጠኑን በሚለካ መሣሪያ ነው። የዚያ ምርመራ ወረቀት የሌለው ዘይት በውጭ ገበያ ስም የለሽ ፈሳሽ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። የበሶብላ ዘይት ቅጠሉ ውስጥ እንደ ኑግ ዘይት ተጨምቆ የሚወጣ አይደለም። የሚኖረው በቅጠሉና በአበባው ቆብ ላይ በተበተኑ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ነው። እጅዎ ሲነካቸው ይፈነዳሉ፤ ሽታው ያኔ ይወጣል። ግንዱ ላይ እነዚህ ከረጢቶች እጅግ ጥቂት ናቸው።

ዘይቱን የምናወጣው በእንፋሎት ነው። አሠራሩ አረቄ የምታወጣ ሴት ከምታውቀው ብዙ አይርቅም፦ ከታች እሳት፣ ከላይ የተዘጋ ድስት፣ እንፋሎቱን የሚያሳልፍ ቱቦ፣ ቱቦውን የሚያቀዘቅዝ ውሃ፣ ጫፉ ላይ መቀበያ። ልዩነቱ አረቄ ከውሃ ጋር ይዋሃዳል፤ ዘይቱ ግን ከውሃው ተለይቶ ከላይ ይንሳፈፋል። የሚገርመው ሙቀቱ ነው። ሊናሉል ለብቻው የሚፈላው በ198 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሜቲል ቻቪኮል በ216፣ ዩጂኖል ደግሞ በ254 ዲግሪ ገደማ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ውሃው ራሱ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ታዲያ ዘይቱ እንዴት ይወጣል? ውሃና ዘይት ስለማይዋሃዱ እያንዳንዱ የራሱን ትነት ለብቻው ይገፋል፤ የሁለቱ ግፊት ተደምሮ የአየሩን ግፊት ሲያሸንፍ አብረው ይነሣሉ። የውሃው ድርሻ እጅግ ስለሚበልጥ ዘይቱ በእንፋሎቱ ጀርባ ታዝሎ ይወጣል ማለት ይቻላል፤ እንደ ዩጂኖል ያሉት ከባዶቹ ደግሞ ዘግይተው ይመጣሉ። «ሽታው መጣ» ብሎ እሳቱን ቶሎ የሚያጠፋ ሰው የተክሉን ግማሽ ጠባይ ድስቱ ውስጥ ይተወዋል።

ስሌቱን አብረን እንሥራው፤ ነጋዴው ሊሠራልዎት የሚገባው ይህን ነበር። አበባ የያዘ እርጥብ በሶብላ የሚሰጠው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ከክብደቱ 0.2 እስከ 0.5 በመቶ ነው። መካከለኛውን፣ 0.3 በመቶን እንውሰድ። 20 ሊትር በሚይዝ ድስት ውስጥ እንፋሎቱ ማለፊያ እንዲያገኝ ሳይጠቀጠቅ የሚገባው እርጥብ ቅጠል 3 ኪሎ፣ ቢበዛ 4 ኪሎ ነው። 3 ኪሎ በ0.3 በመቶ ሲሰላ 9 ግራም ይሆናል። ይህም 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ድስት፣ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ።

ድስቱን መሙላት፣ ማፍላት፣ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ማስነጠብ፣ ማቀዝቀዝ፣ የተቀቀለውን ቅጠል ማውጣት፣ እንደገና መሙላት፤ ይህ ሁሉ ተደምሮ ለአንድ ዙር ሁለት ሰዓት ይበላል። በቀን አራት ዙር ቢሠሩ ጎበዝ ነዎት። በደንብ የተያዘ መሬት በአንድ አጨዳ ከካሬ ሜትር አንድ ኪሎ ያህል እርጥብ በሶብላ ይሰጣል ብንል፣ ከ300 ካሬ ሜትር 300 ኪሎ ይገኛል። ይህ በ3 ኪሎ ሲካፈል 100 ዙር፣ ማለትም በቀን አራት እየተሠራ 25 ቀን ነው። በሶብላ ግን 25 ቀን አይጠብቅዎትም። በአሥረኛው ቀን አበባው ወደ ዘር ይሄዳል፤ ዘይቱም በመጠንም በጠባይም ይለወጣል። ሁሉም ነገር ተሳክቶ እንኳ መጨረሻ ላይ በእጅዎ የሚገባው አንድ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። ነጋዴው በዶላር ትሸጣለች ያላት ጠርሙስ ደግሞ የችርቻሮ ዋጋ ያላት ናት፤ በጅምላ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ የሚገዛውም በበርሜል እንጂ በሊትር አይደለም።

ስለ ውሃው ማንም አያነሳም። አንድ ሊትር ውሃ የሆነ እንፋሎትን መልሶ ለማቀዝቀዝ፣ የቧንቧ ውሃው በ20 ዲግሪ ገብቶ በ60 ይወጣል ብንል፣ 15 ሊትር ያህል ማቀዝቀዣ ውሃ ያስፈልጋል። በአንድ ዙር 3 ሊትር ብታስነጥብ ማውጫዋ 45 ሊትር ትጠጣለች። ውሃውን በርሜል ውስጥ እያቀዘቀዙ መልሶ መጠቀም ይቻላል፤ ግን ለዚያ በርሜልና ትንሽ ፓምፕ ይጨመራል። ቧንቧ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ከከሰሉ ዋጋ የሚበልጥ ራስ ምታት ነው። ነጋዴው ያሳየዎት ማውጫ ማያያዣዎቹ ላስቲክ፣ ቱቦው ፕላስቲክ ከሆነ ደግሞ በነጻ ቢሰጥዎትም አይቀበሉት። መዓዛማ ዘይት ላስቲክና ብዙ ዓይነት ፕላስቲክ ያሟሟል፤ የሚያሟሟውንም ይዞ ይወጣል። ይህ ሥራ የማይዝግ ብረት፣ መዳብ ወይም መስታወት ይፈልጋል።

ያ ሁሉ ቅጠል ታዲያ ምን ይሁን? ደርቆ በሽሮዎ ውስጥ ይግባ። 300 ኪሎ እርጥብ በሶብላ ሲደርቅ ወደ 50 ኪሎ ይወርዳል፤ ግንዱን ቢያወጡለት ከዚያም ያንሳል። አሮጌ ገበያ ሄደው ለደረቅ በሶብላ የሚከፍሉትን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል፤ ከዚያ ያተርፋሉ። ከሁሉ በላይ ግን «በራሴ በሶብላ የተዘጋጀ» ብሎ የሚሸጥ ሰው የሚበልጠው በሽታው ነው፤ እኔም የሙያ ምክር አለኝ ካልኩ እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው የገበያ በሶብላ ሽታውን ያጣው ወጥ ቤት ሳይደርስ፣ ሜዳ ላይ ነው። ፀሐይ ላይ የተሰጣ በሶብላ ከረጢቶቹ ይሞቃሉ፣ ዘይቱ ይተናል፤ የሚቀረው ቡናማ ገለባ ነው። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚገባበት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በማይበልጥበት ቦታ ይስጡት፤ ሳሳ አድርገው ይዘርጉት፤ የአበባውን ዘለላ ሳይሰባብሩ በሙሉው ያድርቁት። ሲደርቅም እስኪፈለግ ድረስ ሙሉውን፣ ብርሃን በማይገባበት ዕቃ ያስቀምጡት። ቀድሞ የተወቀጠ በሶብላ ከረጢቶቹ የተፈነዱ ስለሆነ በየቀኑ ሽታውን ለጓዳዎ አየር እየለገሰ ነው።

ሌላው ሌባ ወፍጮው ነው። ሽሮ ሲፈጭ የሚወጣው ዱቄት እጅ እስኪፈጅ እንደሚሞቅ ያውቃሉ። ያ ሙቀት ዘይቱን ያባርረዋል፤ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ያ ሁሉ መዓዛ የሚያውድዎት ለዚህ ነው፤ የከፈሉበት ሽታ እየበረረ ነው። ከቻሉ በሶብላውን ለብቻው በትንሽ መፍጫ አልመው፣ ሽሮው ተፈጭቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ይቀላቅሉት። ይህ ካልሆነም ዱቄቱን በትኩሱ በፌስታል አያሽጉት፤ ዘርግተው ቀዝቀዝ ይበል። ደንበኞችዎ ልዩነቱን በአንድ ድስት ያውቁታል።

ዘይቱን ሽሮ ላይ ጠብ ስለማድረግ ጠይቀዋል። አያድርጉ። አንደኛው ምክንያት የጣዕም ነው፦ ዱቄት ላይ ጠብታ እኩል አይሰራጭም፤ አንዱ ደንበኛ ምንም ሳያገኝ ሌላው ሳሙና የመሰለ ወጥ ይበላል። ሁለተኛው ይከብዳል። ቅድም በሠራነው ስሌት አንድ ጠብታ ዘይት ከ15 ግራም ያህል እርጥብ ቅጠል የወጣ ነው። አንዲት የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ ከአንድ ኪሎ ተኩል ቅጠል የተገኘች ናት። አንድ ኪሎ ተኩል በሶብላ በአንድ ጉርሻ የዋጠ ሰው አይቼ አላውቅም። «እናቶቻችን ሲበሉት የኖሩት ነው» የሚለው ክርክር ለቅጠሉ ይሠራል፤ ለዘይቱ አይሠራም።

በተለይ የተክልዎን ዓይነት ሳያውቁ። እላይ ያነሳሁት ኤስትራጎል በአይጦች ላይ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ የጉበት ዕጢ እንደሚያስከትል በጥናት ታይቷል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ጉበት ውሁዱን ሲለውጠው ከሚፈጠረው ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ሳይንስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2001 ውሁዱ የዘር ቅንጣትን የሚጎዳና ካንሰር አምጪ መሆኑን ገልጾ በምግብ ውስጥ እንዲቀነስ መክሯል። ይህን ያነበበ ሰው ወጡ ውስጥ ያለውን በሶብላ እንዲለቅም አልመክርም፤ በቅመም መልክ የምንወስደው መጠን ትንሽ ነው፤ እኔም የበሶብላ ሽሮ እበላለሁ። ነገር ግን ሰባና ሰማንያ በመቶው ኤስትራጎል ሊሆን የሚችል ዘይት፣ ሳይመረመር፣ ለሰው በሚሸጥ ምግብ ላይ መጨመር የተለየ ጉዳይ ነው። ሕጋዊ ኃላፊነቱም የእርስዎ ይሆናል።

ለልጆች ጉንፋንም አይስጡ፤ በአፍም፣ በአፍንጫም። ንጹሕ መዓዛማ ዘይት የዋጠ ትንሽ ልጅ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፤ ሲያስለው ወደ ሳንባው ከገባም የሳንባ ምች ያስከትላል። አንድ ልጅ ጠርሙሱን አግኝቶ ቢጠጣ ለማስታወክ አይሞክሩ፤ ወተትም አይስጡ፤ ጠርሙሱን ይዘው በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። በሠፈራችን ለምች ዳማከሴ ጨምቆ የመስጠት ልማድ ስላለ «ዘመዱ ከሆነማ» ማለት ይመጣል። የተጨመቀው የዳማከሴ ውሃ የቅጠሉ ጭማቂ ነው፤ ዘይቱ ያለበት በጣም በትንሹ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማሰብ አደገኛ ነው። ለአዋቂ፣ ለምሳሌ የደከመ ትከሻ ለማሸት፣ አንድ ጠብታ በአንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ቀላቅሎ መጠቀም ይቻላል፤ ይህ አንድ በመቶ ገደማ ነው፤ ከዚያ አያብዙት፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ሰው ይቅርባት። ዘይቱ የከረመ ከሆነም ለቆዳ አይሁን፦ ሊናሉል አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ውሁድ ይለወጣል፤ ያ አዲሱ ውሁድ ቆዳን የሚያስቆጣ፣ አለርጂ የሚያስከትል ነው።

ከጠያቂዋ ባሻገር ይህን ለሚያነቡም አንድ ነገር ልበል። በየሱቁ «የበሶብላ ዘይት» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ቅጠል የተዘፈዘፈበት የምግብ ዘይት ነው። ያ በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ እንደ ንጹሕ መዓዛማ ዘይት መሸጡ ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርገው እስከ ማግስቱ ይተዉት። ንጹሕ ከሆነ ተኖ ይጠፋል ወይም እጅግ ቀጭን ምልክት ብቻ ይተዋል፤ የምግብ ዘይት ካለበት ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ክብ ይቀራል። ይህ ፈተና በአልኮል የቀጠነውን ወይም በፋብሪካ ሊናሉል የተደለለውን አይይዝም። እርጥብ ቅጠል በዘይት ዘፍዝፎ ክፍል ሙቀት ላይ ለሳምንታት ማስቀመጥ ደግሞ አየር የማይፈልጉ፣ ቦቱሊዝም የሚያመጡ ባክቴሪያዎችን መጋበዝ ነው። ለወጥ ቤት ካዘጋጁት በደረቅ ቅጠል ይሁን፤ በእርጥቡ ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው በጥቂት ቀናት ይጨርሱት።

ዘይት የማውጣቱ ሐሳብ ከልብዎ ካልወጣ፣ መንገዱ በ20 ሊትር ድስት አይጀምርም። ጎረቤቶችዎን ይዘው፣ አንድ ዓይነት ዘር ዘርተው፣ ቢያንስ ጥቂት መቶ ኪሎ በአንድ ጊዜ የሚይዝ የጋራ ማውጫ ማሰብ ነው። ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው ወንዶ ገነት፣ በኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ተክሎች ላይ ይሠራል፤ ከማንኛውም ነጋዴ በፊት የእነሱን በር ያንኳኩ፤ ስለ ዘሩም ስለ ዘይቱ ዓይነትም የሚጠይቁት ሰው እዚያ አለ። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን በመጀመሪያ የምተክለው በሶብላን ሳይሆን ጠጅ ሣርን ነው፤ አንዴ ከተተከለ ለዓመታት ይታጨዳል፣ በየአበባው ጊዜ አያስጨንቅም፣ በቀላሉም አይታመምም። ለዘይት ሥራ በሶብላ ቅንጡ ተክል ናት።

ከሌላ ወገን የሚመጣ ገንዘብም አለ። ጣሊያኖች የሚወዱትን ሰፊ ቅጠል በትንሽ መደብ ዘርተው እርጥቡን በእስር በእስር ለሐይቁ ዳር ሆቴሎች ማቅረብ ይሞክሩ። ከበሶብላዎ ግን ያርቁት፤ ቅድም ያልኳትን ንብ አይርሱ።

በመጨረሻ የጠየቁትን አበባውን በተመለከተ፦ እንደ ፍላጎትዎ ነው። እርጥብ ቅጠል ለመሸጥ ከሆነ አበባው ብቅ ሲል ጫፉን ይቁረጡት፤ ተክሉ ወደ ጎን ቅርንጫፍ ያወጣል። ለሽሮና ለቅቤ ከሆነ ይተዉት፤ የምንፈልገው የአበባው ዘለላ ነው። አብዛኛው አበባ ሲፈነዳ፣ ታችኛዎቹ ዘር መያዝ ሳይጀምሩ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ፀሐይ ሳትበረታ ያጭዱት። ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቅጠል ያለበትን ክፍል አስቀርተው ይቁረጡ፤ ውሃ ካገኘ ያቆጠቁጣል፤ ሁለተኛም ሦስተኛም አጨዳ ይሰጣል። ሥሩን የሚነቅሉ ሰዎች ያንን ያጣሉ፤ ከአፈር ጋር የተደባለቀ በሶብላም ይሸጣሉ።

በክረምት ወራት ቅጠሉ ከላይ እየገረጣ ከሥሩ ግራጫ አቧራ የመሰለ ነገር ከያዘ ያ አቧራ አይደለም፤ ዳውኒ ሚልዲው የሚባለው በሽታ ነው። በበሶብላ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኡጋንዳ ውስጥ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ አውሮፓንና አሜሪካን አዳርሷል። በዘርም ይተላለፋል። ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ ያደረ ቅጠል ይወድዳል። ስለዚህ ውሃ ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አያጠጡ፤ በጠዋት ያጠጡ፤ በተክልና በተክል መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ፤ የታመመውን ከጓሮው ያውጡ።

ለዘር ደግሞ ያንን የማሽተት ሥራ ይጠቀሙበት። ሽታቸውን ከወደዷቸው ተክሎች ጥቂቶቹን በቀይ ክር ምልክት አድርገው፣ አበባ ሊያወጡ ሲሉ በስስ ነጠላ ጨርቅ ይሸፍኗቸው፤ ሲያብቡ ዘለላዎቹን በጨርቁ ላይ አልፎ አልፎ በእጅዎ ነቅነቅ ያድርጓቸው፤ ዱቄቱ በዚያው ይራገፋል። ዘሩ ጥቁርና እንደ ጤፍ የደቀቀ ስለሆነ ዘለላው ቡናማ ሲሆን በወረቀት ከረጢት ውስጥ አራግፈው ያስቀምጡት፤ ሲዘሩትም አፈር አያብዙበት፣ ለመሸፈን ያህል ብቻ ይበቃል። ውሃ ሲነካው እንደ ተልባ ልሃጭ ለብሶ ቢያዩት አይደንግጡ፤ ተበላሽቶ አይደለም።